ከምንገዛው ዕቃ ላይ ለሎቢ ማኅበር የሚሄደው ብር፦ ገዢ ቢጠይቅ ለውጥ ያመጣል?

የግሽ ዓባይ ጎረቤት (ክሩን የጀመረው)

እንደምን ሰነበታችሁ የዚህ ቤት ሰዎች። ስለ ኑሮ ውድነት፣ ስለ ግብር፣ ስለ ጣና እዚህ ብዙ ተባብለናል። ዛሬ ሌላ ጉዳይ ይዤ መጥቻለሁ፤ ረዘም ስለሚል ታገሡኝ።

ኩባንያ አንድ ሕግ እንዲወጣለት ወይም እንዳይወጣበት ሲፈልግ ብዙ ጊዜ ራሱ አደባባይ አይወጣም። መዋጮ ከፍሎ ማኅበር ውስጥ ይገባና ማኅበሩ ይናገርለታል፤ ሎቢ ወይም ውትወታ የሚባለው ይኼ ነው። ያ መዋጮ ደግሞ ከየትም አይመጣም፤ እኔና እናንተ ዕቃ ስንገዛ ከከፈልነው ነው። ገዢው የማያውቀውን ነገር ሊደግፍም ሊቃወምም አይችልም፤ እኔን የሚያንገበግበኝ ይኼ ነው።

በሰነድ ተደግፎ የታወቀው ታሪክ የአሜሪካው ነው። አሌክ የሚባል ማኅበር አለ፤ ሙሉ ስሙ የአሜሪካ የሕግ አውጪዎች ልውውጥ ምክር ቤት ነው፣ የተቋቋመውም እ.ኤ.አ. በ1973። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው የውጭ ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው።) በአባልነት የሚገቡት የየግዛቱ ምክር ቤት እንደራሴዎችና ኩባንያዎች ናቸው። በ2011 አካባቢ በነበረው ተመን እንደራሴው በዓመት 50 ዶላር ሲከፍል ኩባንያው ከ7,000 እስከ 25,000 ዶላር ያዋጣ ነበር። ከዚያ አንድ ላይ ተቀምጠው የሕግ ረቂቅ ያሰናዳሉ፤ በረቂቁ ላይ ኩባንያውም እንደ እንደራሴው ድምፅ ይሰጣል። እንደራሴው ረቂቁን ይዞ ወደ ግዛቱ ይመለስና የራሱ ሐሳብ አስመስሎ ያቀርበዋል። ጁላይ 2011 ላይ ከ800 በላይ ረቂቆች ከውስጥ አፈትልከው ወጡ፤ ሴንተር ፎር ሚዲያ ኤንድ ዲሞክራሲ የተባለው ድርጅትም ማንም እንዲያነባቸው ይፋ አደረጋቸው።

ከረቂቆቹ አንዱ መታወቂያ ያላሳየ መራጭ እንዳይመርጥ የሚያደርግ ነበር። ሌላው ደግሞ ፍሎሪዳ በ2005 ያወጣችውን ሕግ የተከተለ ነው፤ አደጋ መጣብኝ ያለ ሰው ማፈግፈግ ሳይጠበቅበት እንዲተኩስ ይፈቅዳል። የጥቁር አሜሪካውያንን መብት ይዞ የሚከራከረው ከለር ኦፍ ቼንጅ በመታወቂያው ሕግ የተነሳ ኩባንያዎቹን ማነጋገር ጀመረ። ፌብሩዋሪ 2012 ላይ ትሬይቮን ማርቲን የሚባል የ17 ዓመት ልጅ፣ መሣሪያ ያልያዘ ልጅ፣ እዚያው ፍሎሪዳ ውስጥ በጥይት ተገደለ። ገዳዩ ለሳምንታት አልታሰረም። አገሩ ሁሉ ‹ይህን ሕግ በየግዛቱ ያዛመተው ማን ነው?› ብሎ ሲጠይቅ መልሱ አስቀድሞ በሰነድ ተቀምጦ ነበር።

ፔፕሲ ያን ዓመት በጃንዋሪ ከአሌክ ወጥቶ ነበር። ኤፕሪል 4 ቀን ከለር ኦፍ ቼንጅ ደጋፊዎቹን ‹ለኮካ ኮላ ደውሉ› አለ፤ በሰዓታት ውስጥ ኮካ ኮላ መልቀቁን አስታወቀ። ክራፍት፣ ማክዶናልድ፣ ዌንዲስ ተከታተሉ፤ ወሩ ሳያልቅ አሌክ ራሱ የምርጫና የጸጥታ ጉዳዮች ኮሚቴውን ዘጋ። በ2013 መጨረሻ ጋርዲያን ጋዜጣ ያወጣው የውስጥ ሰነድ ከ60 በላይ ኩባንያዎችና ወደ 400 የሚጠጉ እንደራሴዎች መልቀቃቸውን ያሳያል።

እኔ እንዲህ ያለው ግፊት ይሠራል ባይ ነኝ፤ የሚሠራው ግን በእጅ ሰነድ ሲኖር፣ ጥያቄው አንድና ግልጽ ሲሆን፣ የሚጠየቀውም ስሙን ሕፃን ሳይቀር የሚያውቀው ሻጭ ሲሆን ነው። እዚህ ባሕር ዳር ተቀምጠን ለስላሳ፣ ቢራ፣ ዘይት፣ ሲሚንቶ የሚሸጡልንን ‹ለየትኞቹ ማኅበራት ታዋጣላችሁ? በስማችሁስ ምን ይጠየቃል?› ብንል ምን ይከለክለናል?

ባለሱቋ ቀበሌ 14

ወንድሜ እስከ መጨረሻው አነበብኩት፤ እግዜር ይስጥልኝ። እኔ ግን ከሱቅ በኩል ያለውን ልንገርህ።

ደጃፌ ላይ የቆመው ፍሪጅ የኔ አይደለም፣ የለስላሳ ኩባንያ ነው። የሰጡኝ የነሱን መጠጥ ብቻ እንዳስቀምጥበት ተስማምቼ ነው። ጠርሙሱም ሳጥኑም በመያዣ ነው፤ ባዶ ሳጥን ካልመለስኩ አከፋፋዩ ሙሉ አያራግፍልኝም። እንግዲህ ነገ በፌስቡክ ‹እንዳትገዙ› የሚል ነገር ቢዞር ጠርሙሱ ባዶ አይሆንም፤ ባዶ ካልሆነ አይመለስም፤ ብሬ እዚያ ሳጥን ውስጥ ታስሮ ይቀራል። ዋናው መሥሪያ ቤት ጋ እስኪሰማ እኔ የቤት ኪራይ ማምጫ አጥቻለሁ። ሁለት ልጆች የማስተምረው በዚሁ ሱቅ ነው። ግፊቱ ይደረግ፣ ደስ ይለኛል፤ መጀመሪያ የሚያርፈው ግን እኛ ላይ እንዳይሆን።

የግሽ ዓባይ ጎረቤት

እህቴ ትክክል ነሽ፣ ይህን በማንሳትሽ አመሰግናለሁ። የአሜሪካው ታሪክ ያስደሰተኝም በዚሁ በኩል ነው። ከለር ኦፍ ቼንጅ ‹አትግዙ› በማለት አልጀመረም። ወራት ሙሉ ከኩባንያዎቹ ጋር በደብዳቤና በውይይት ቆየ፤ ‹ይህን ማኅበር እየደገፋችሁ ነው፣ ማኅበሩ የሚሠራው ይህን ነው፣ ውጡ› አላቸው። አደባባይ የወጣው እምቢ ያሉት ላይ ነው፤ ያኔም የጠየቀው ስልክ እንዲደወል ነው። ኮካ ኮላ የለቀቀው አንድም ባለሱቅ ሳይከስር ነው። ፔፕሲ ከሦስት ወር በፊት መውጣቱም ረድቷል፤ ተፎካካሪው ከወጣበት ቤት ብቻውን መታየት የሚፈልግ ኩባንያ የለም።

ዓባይ ማዶ

ሐሳቡን አልጠላሁትም፤ ውጤቱን ግን አጋንነኸዋል። አሌክ ዛሬም አለ፣ ዛሬም ረቂቅ ያዘጋጃል። ፍሎሪዳ ያን ሕግ አልሻረችም። የመታወቂያው ሕግም በብዙ ግዛቶች ጸንቷል። የሟቹ ልጅ እናት ምን አተረፈች?

ደግሞ ኮካ ኮላ ሲለቅ የሰጠውን መግለጫ ልብ በሉ። አባል የሆንኩት በምግብና በመጠጥ ላይ የሚጣል አድሏዊ ግብርን ለመቃወም ነው፣ ከንግዴ ጋር ባልተያያዘ ጉዳይ የለሁበትም ነው ያለው። ያን የግብር አቋሙን እኮ አልተወም። ይህ የሩቅ ወሬ አይምሰላችሁ፤ በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኛው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ለስላሳ መጠጥን ይነካል፤ ኩባንያው ደግሞ እዚሁ ባሕር ዳር ፋብሪካ አለው። ከአንዱ ማኅበር የወጣ ኩባንያ በሌላ ማኅበር በኩል መናገር ይችላል። እኔ የምፈራው ሰው ‹አሸነፍን› ብሎ ወደ ቤቱ መግባቱን ነው።

የግሽ ዓባይ ጎረቤት

@ዓባይ ማዶ፣ ስለ እናቲቱ ያልከው ልቤን ነክቶታል፤ ለዚያ መልስ የለኝም። ሕጉ አልተሻረም።

ነገር ግን ማኅበር ራሱ የፈረሰበትም ጊዜ አለ። የዓለም የአየር ንብረት ጥምረት ይባል የነበረ የኩባንያዎች ስብስብ በ1989 ተቋቁሞ፣ ነዳጅና መኪና አምራቾችን ይዞ፣ የሙቀት ጋዝ ቅነሳን ሲቃወም ኖረ። መጀመሪያ ቢፒ ወጣ፣ በ1998 ሼል፣ በ1999 ፎርድ፣ ከዚያ ጄኔራል ሞተርስ። በ2002 ተዘጋ። አሌክም ቢሆን ከ2012 በኋላ አልተረጋጋም፤ በ2014 ጎግል ሲለቅ ያኔ ሊቀመንበሩ የነበረው ኤሪክ ሽሚት በሬዲዮ ቀርቦ ማኅበሩ በአየር ንብረት ጉዳይ እየዋሸ ነው እስከ ማለት ደረሰ። ሼል በ2015፣ ኤክሶን ሞቢል በ2018 ወጡ። ኤክሶን ከአንድ ማኅበር በአየር ንብረት ጉዳይ ተጣልቶ ይወጣል ብሎ ቀድሞ የሚገምት ማን ነበር?

ከቨርጂኒያ

ሰላም የአገሬ ልጆች። ሽምብጥ ተወልጄ ያደግሁ ነኝ፤ አሁን እዚህ መድኃኒት ቤት ውስጥ እሠራለሁ። ከሙያዬ ጋር ስለሚገናኝ አንድ ታሪክ ልጨምር፣ እኛንም በቀጥታ ይመለከታል።

ሲቪኤስ የሚባለው ትልቅ የመድኃኒት ቤት ኩባንያ በ2014 ሲጋራ መሸጥ አቆመ፤ ጤና እየሸጥኩ ሲጋራ አልሸጥም ብሎ ትልቅ ገቢ ተወ። ያም ሆኖ የአሜሪካ የንግድ ምክር ቤት አባል ነበር። በ2015 ኒውዮርክ ታይምስ ይኸው ምክር ቤት በውጭ አገሮች የፀረ ትምባሆ ሕጎችን ሲዋጋ መቆየቱን ጻፈ፤ ለምሳሌ ኔፓል በሲጋራ ፓኮ ላይ የሚወጣውን የማስጠንቀቂያ ሥዕል ልታሰፋ ስትል ተቃውሟል። ሲቪኤስ ታሪኩ በወጣ በሳምንቱ ምክር ቤቱን ለቀቀ። ሲጋራ የማይሸጠው ኩባንያ በሚያዋጣው ብር በሌላ አገር ለሲጋራ ጥብቅና ይቆም ነበር ማለት ነው!

አሁን ወደ አገራችን ኑ። የጃፓኑ የትምባሆ ኩባንያ ጄቲአይ የብሔራዊ ትምባሆ ድርጅትን 40 በመቶ ድርሻ እ.ኤ.አ. በ2016 በ510 ሚሊዮን ዶላር ገዛ፤ በዓመቱ ጨምሮ ወደ 71 በመቶ አደረሰው። ከጥቂት ጊዜ በኋላ፣ በ2011 ዓ.ም.፣ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112 ወጣ። የማስጠንቀቂያ ሥዕሉ የፓኮውን 70 በመቶ እንዲሸፍን አዘዘ፣ ቤት ውስጥ ባሉ የሕዝብ መገልገያ ቦታዎች ማጨስን ከለከለ፣ የአልኮል ማስታወቂያን ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን አስወጣ። ያን ያህል ብር ያፈሰሰ ኢንዱስትሪ ባለበት ያን የመሰለ ጠንካራ ሕግ ማውጣታችን ሁልጊዜ ያኮራኛል። ኢትዮጵያ የተቀበለችው የዓለም የትምባሆ ቁጥጥር ስምምነትም አንቀጽ 5.3 ላይ መንግሥታት የጤና ፖሊሲያቸውን ከትምባሆ ኢንዱስትሪ ጥቅም እንዲጠብቁ ያስገድዳል። ለትምባሆ የተሠራው ለሌላውም የማይሠራበት ምክንያት አይታየኝም።

የቀድሞ ባለግሮሰሪ

እኔ የማነሳው የከተማችንን ታሪክ ነው። ፓርቲዎች በኢንዶውመንት ስም ኩባንያ የነበራቸው አገር ላይ ነን፤ ይህ የተደበቀ አልነበረም። በ2008 እና በ2009 ዓ.ም. ብጥብጥ ጊዜ ባሕር ዳር የነበረ ሰው ያስታውሳል፦ ሰው ቢራ ሲያዝ ‹እሱን ሳይሆን› ይል ነበር። ስሙን አልጠራውም። ማንም ሳያስተባብር፣ ስብሰባ ሳይጠራ፣ በአፍ ብቻ ሄዶ መደርደሪያዬ ላይ ያለው ቢራ አቧራ ጠጣ።

ሕዝብ ሲቆርጥ ምን እንደሚችል ያኔ አይቻለሁ። ያሳዘነኝን ደግሞ ልናገር። በዚያው ሰሞን ወሬው ከዚህ ቢራ ወደዚያ ቢራ፣ ከዚያም ወደ ሆቴል፣ ከሆቴል ወደ አውቶቡስ ዘለለ። ‹የነሱ ነው› ለመባል ማስረጃ የሚጠይቅ አልነበረም። ምንም ያልነበረበት ሰው በወሬ ተጎዳ፤ ሰነድ የጠየቀ ሰው ደግሞ እንደ ከዳተኛ ይታይ ነበር። ስለዚህ @የግሽ ዓባይ ጎረቤት፣ ከሁሉ በፊት ሰነድ ያልከውን ሁለት ጊዜ አስምርበት። እዚያ 800 ረቂቅ በእጃቸው ነበር። እኛ በእጃችን ምን አለ?

የሕግ ሰው ዲያስፖራ ሰፈር

ጋሼ ያነሱት ጥያቄ የነገሩ ልብ ነው። ከሕጉ በኩል ያለውን ላስረዳ።

ነጋዴ ተደራጅቶ ለመንግሥት አቤት ማለቱ በራሱ ጥፋት አይደለም። የንግድና የዘርፍ ማኅበራት ምክር ቤቶች ማቋቋሚያ አዋጅ ቁጥር 341/1995 ይህን አውቆ ነው የወጣው፤ የአባላትን ሐሳብና ጥቅም ለመንግሥት ማቅረብ የምክር ቤት ሥራ ነው። ባለሱቋ እህታችንም ብትሆን ግብር ሲከብዳት የሚናገርላት ማኅበር ያስፈልጋታል። እንቃወመው የምንል ካለ ድብቅነቱን ነው።

በሌላ በኩል ለመብት መሟገት የሚፈልጉ ማኅበራት በዚህ አገር እንዴት እንደተያዙ አስታውሱ። በአዋጅ 621/2001 ከገቢው ከ10 በመቶ በላይ ከውጭ የሚያገኝ ድርጅት በሰብዓዊ መብትና በዲሞክራሲ ጉዳይ እንዳይሠራ ተከልክሎ ነበር። ብዙዎቹ ተዘጉ፣ የቀሩትም ወደ ልማት ሥራ ዞሩ። አዋጁ የተሻረው በ1113/2011 ነው። ለዐሥር ዓመት የመብት ተሟጋቹ ብር ሳንቲም በሳንቲም ሲቆጠር፣ ኩባንያ ለዘርፍ ማኅበሩ የሚያዋጣው ብር ማንንም አላስጨነቀም። ይህ ሚዛን ነው የሚያናድደኝ። አዲስ እገዳ አልመኝም፤ እገዳ ሲመጣ መጀመሪያ ደካማውን ነው የሚይዘው። የምመኘው ከፋዩ እንዲታወቅ ነው። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1995 የወጣ፣ ሎቢስት (ለኩባንያ የሚወተውት ሰው) የሚመዘገብበት ሕግ አላት፣ የአውሮፓ ኅብረትም እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ የፓርላማውና የኮሚሽኑ የጋራ መዝገብ አለው። አሌክ በመዝገብ ያልተያዘው ‹እኛ ሎቢ አናደርግም፣ ውይይት ነው› እያለ ስለሆነ መዝገብ ብቻውን አይበቃም፤ ቢሆንም መነሻ ነው።

ጣና ላይ መረብ የምጥል

ሁላችሁም ከኔ በላይ የተማራችሁ ናችሁ። እኔ የማውቀውን ልበል።

ስለ ሐይቁ ስብሰባ ሲጠራ አልፎ አልፎ እኛም እንጠራለን። የባለሀብቶቹ ማኅበር ጸሐፊ ደመወዝተኛ ነው፤ ቀን ሙሉ ይቀመጣል፣ በማግስቱም ይመጣል፣ ወረቀቱን አዘጋጅቶ ነው የሚገባው። እኛ ስብሰባ የዋልን ቀን መረብ አልተጣለም፤ መረብ ካልተጣለ ማታ እቤት የሚገባ ነገር የለም። ስለዚህ ከሻይ በኋላ ሹልክ እያልን እንወጣለን። ውሳኔው የሚጻፈው ደግሞ ከሻይ በኋላ ነው።

ዛሬ ጠዋት መረቤን ስስብ ከዓሣው እምቦጩ ይበዛ ነበር። ሥሩ ከመረቡ ዓይን ጋር ተጠላልፎ እሱን አንድ በአንድ ስፈታ ጀንበር ወጣች፤ የያዝኩት ቀረሶም ፀሐይ መታው። እምቦጭን የሚያፋፋው ከእርሻውም ከከተማውም ወደ ሐይቁ የሚገባው ማዳበሪያና ቆሻሻ ነው። ያን የሚቀንስ ደንብ ሲታሰብ ‹ኢንቨስትመንት ያደናቅፋል› ብሎ የሚናገር ተከፋይ ሰው አለ። ‹ዓሣ ያደናቅፋል› የሚል ተከፋይ ሰው የለም። ጣናን ዩኔስኮ በፈረንጆቹ 2015 በባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራነት መዝግቦታል ይባላል፤ ደስ ብሎናል፤ ግን ስብሰባው ላይ የኛን ቀን የሚከፍልልን አልተገኘም።

ደብዳቤ ከጻፋችሁ ለለስላሳና ለቢራ ብቻ አትጻፉ። ሐይቁ ዳር መሬት የያዘውንም የየትኛው ማኅበር አባል እንደሆነ ጠይቁልን።

ዓባይ ማዶ

አባቴ፣ ይህን የጻፉትን ከላይ ካለው ሁሉ አስበልጬ ነው የማየው። እሺ፣ ደብዳቤው ይጻፍ። እኔም እፈርማለሁ።

የግሽ ዓባይ ጎረቤት

እንግዲህ ረቂቁ ይኸው፤ አስተካክሉልኝ።

‹ለዋና ሥራ አስኪያጅ። እኛ በባሕር ዳር ከተማና በጣና ዙሪያ የምንኖር ምርትዎን የምንገዛና የምንሸጥ ሰዎች ነን። ድርጅትዎ መዋጮ የሚከፍልባቸውን የንግድ፣ የዘርፍና የውትወታ ማኅበራት ዝርዝር፣ በዓመት ለእያንዳንዱ የሚከፍለውን መጠን፣ እነዚህ ማኅበራት ባለፈው ዓመት በየትኛው ሕግ ወይም ደንብ ላይ ለመንግሥት ሐሳብ እንዳቀረቡ በጽሑፍ እንዲያሳውቁን በአክብሮት እንጠይቃለን። ማኅበሩ ያቀረበው ሐሳብ ከድርጅትዎ አቋም ጋር የማይስማማ ከሆነ ያንንም ቢገልጹልን ደስ ይለናል።›

የሕግ ሰው ዲያስፖራ ሰፈር

ጥሩ ነው። ‹በአንድ ወር ውስጥ› የሚል ጊዜ ጨምርበት፣ ጊዜ የሌለው ጥያቄ መሳቢያ ውስጥ ያድራል። ‹መልስዎን እንዳለ ለሕዝብ እናወጣለን› የሚልም ይግባ፤ መልስ ካልሰጡም አለመስጠታቸውን እንጽፋለን። ከዚያ ያለፈ ቃል አትጨምር፣ ያልተረጋገጠ ነገር አንድም ዓረፍተ ነገር አይኑርበት። ሐይቁ ዳር ላሉት እርሻዎች የተለየ ደብዳቤ ይዘጋጅ፤ በዚያኛው ላይ ወደ ሐይቁ ስለሚለቁት ውኃ መጠየቅ ስላለብን ሁለቱ ባይቀላቀሉ ይሻላል። ያን እኔ አረቃለሁ።

የቀድሞ ባለግሮሰሪ

የግሮሰሪና የሆቴል ሰዎችን ፊርማ እኔ አሰባስባለሁ። ያነበበው ብቻ ነው የሚፈርመው፤ ማንበብ ለሚያስቸግረው ቁጭ ብዬ አነብለታለሁ።

ባለሱቋ ቀበሌ 14

ለዋናው መሥሪያ ቤት በቀጥታ ይላክ። አከፋፋዩ ልጅ እንደኔው እንጀራ ፈላጊ ነው፣ እሱን መሀል አታስገቡት። እኔም እፈርማለሁ፤ የሱቄን ስም ግን አሁን አትጻፉት። ለበዓል የወሰድኩት የሳጥን ሒሳብ አለብኝ፤ እሱን ከዘጋሁ በኋላ በሱቁም ስም እፈርማለሁ።

የግሽ ዓባይ ጎረቤት

እሺ እህቴ፣ እንዳልሽው ይሆናል። የወሩን ጊዜና ‹መልስዎን እናወጣለን› የሚለውን ጨምሬ የተስተካከለውን ዛሬ ማታ እዚሁ እለጥፋለሁ። @ጣና ላይ መረብ የምጥል፣ አባቴ፣ ለሁለተኛው ደብዳቤ የሐይቁን ዳር ከርስዎ በላይ የሚያውቅ የለንም። መረብ በማይጥሉበት ሰዓት እኛ ወደ ወደቡ እንምጣ፤ እርስዎ ሥራ አይፍቱ።

ጣና ላይ መረብ የምጥል

ከረፋዱ አራት ሰዓት በኋላ ኑ። ዓሣው ተሸጦ ያልቃል፤ ጀልባዋን ይዘን ዳር ዳሩን እየዞርን ውኃው የሚገባበትን ቦታ ሁሉ አሳያችኋለሁ። ፎቶ የሚያነሳ ሰው ይዛችሁ ኑ።